ሲሞቅ የሚጠፋ እሳት፦ አዳማ ላይ የተፈተሸ የአንድ ውሃ ፓምፕ ጉዳይ

ፓምፑ የመጣው ከወንጂ በኩል፣ ከአዋሽ ዳር ነው። ባለቤቱ ሽንኩርት የሚያለሙ ትልቅ ሰው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ባጃጅ ላይ ጭኖ አዳማ ድረስ አመጣው፤ እሳቸውም አብረው መጡ።

«ልጄ፣ ጠዋት አንዴ ሲስቡት ይነሳል። ውሃውን ደህና አድርጎ ይገፋል። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ቀጥ ይላል። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይነሳል» አሉኝ።

ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው እንዲህ ያለ ብልሽት ገበሬውን ብዙ ስለሚያስወጣው ነው። አብዛኛው ወጪ ደግሞ ያለ ቦታው የሚወጣ ነው። እሳት፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ እያጣ የሚቆም ሞተር መፈተሽ ያለበት እሳቱ በጠፋበት ሰዓት ነው። ከዚያም ማንም ሰው እሳቱን የሚፈጥረውን ክፍል፣ ኮይል፣ ለመግዛት ኪሱ ከመግባቱ በፊት የማጥፊያውን ሽቦ ይንቀል። ይህን ሁለት ነገር ማድረግ ቢለመድ ብዙ ደህና ኮይል ባልተጣለ ነበር።

እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት

ሞተሩ በየገበያው የምናውቀው ዓይነት ነው። የሆንዳ ጂኤክስ 160ን አርአያ አድርጎ የተሠራ፣ ፎር ስትሮክ፣ 163 ሲሲ፣ 5.5 የፈረስ ጉልበት። ፓምፑ ባለ 2 ኢንች ነው። በዚህ አካባቢ ከወንዝ ውሃ የሚስበው አብዛኛው ሰው ይህን ወይም የዚህን ወንድም ነው የሚይዘው።

መጀመሪያ እሳቱ የሚዘልበት ካንዴላ ተቀየረ። ለትንሽ ጊዜ የተሻለው መሰላቸው። ቀጥሎ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ተፈትቶ ታጠበ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ካንዴላ ተገዛ። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ «ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ኮይል ነው» ብሎ አዲስ ኮይል ገጠመለት። ግምቱ መሠረት አለው፤ ሲሞቅ የሚሞት ኮይል በእርግጥ አለ። ኮይሉ ከተቀየረ በኋላ ግን ሞተሩ በዚያው በለመደው ሰዓት ቆመ። ከዚያ የመጣው ምክር «ሽጠው፣ ሌላ ግዛ» የሚል ነው።

ሽንኩርቱ ቦምቤ ሬድ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ራስ መቋጠር ጀምሯል። ሽንኩርት ሥሩ ጥልቅ አይወርድም። አብዛኛው ሥር ያለው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ከታች ያጠራቀመው እርጥበት ስለሌለ ውሃ ሲዛነፍበት ቶሎ ይጎዳል፤ ራስ በሚቋጥርበት ወቅት ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ በቀጥታ ኩንታል ላይ ይታያል። ከቆቃ ግድብ በታች ያለው አዋሽ በበጋም ውሃ አለው። ውሃው እግራቸው ሥር እየፈሰሰ ሽንኩርቱ ሲጠወልግ ማየት ለአንድ አልሚ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል። ስለዚህ «ጊዜ ወስደን እንየው» የሚባል ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ጠየቅኩ። ከእነዚህ ሁሉ ፍተሻዎች አንዱስ ሞተሩ በቆመባት ደቂቃ ተደርጓል? አልተደረገም። ፓምፑ በባጃጅ ተጭኖ እየቀዘቀዘ ይመጣል። ካንዴላው ይወልቃል፣ ገመዱ ይሳባል፣ እሳት ይታያል። «እሳትማ አለው» ይባላል። የቀዘቀዘ ሞተር ላይ የታየ እሳት ግን ስለሞቀው ሞተር ምንም አይናገርም።

ነዳጅ ነው እሳት?

እንዲህ «ሠርቶ፣ ቆሞ፣ አርፎ የሚነሳ» ሞተር ሁሉ የእሳት ችግር አለበት ማለት አይደለም። ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳይ ሌላ ብልሽት አለ፤ ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ነው። የቤንዚን ታንከሩ ክዳን ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለች። የአዳማ ንፋስ የሚያመጣው አቧራ ከቤንዚን ጋር ተለውሶ ይደፍናታል። ቤንዚኑ ሲወርድ ቦታውን የሚተካ አየር ካልገባ ታንከሩ ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል፤ ቤንዚኑም መውረድ ያቆማል። ሞተሩ ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ አየር ሾልኮ ይገባና እንደገና ይነሳል። ሰው ያየው «ሞቀ፣ ጠፋ፣ ቀዘቀዘ፣ ተነሳ» ነው። እውነቱ ግን ከሙቀት ጋር ግንኙነት የለውም።

ሁለቱን ለመለየት አሟሟቱን መጠየቅ ይጠቅማል። ልጁን «ሲቆም እንዴት ነው የሚቆመው? እያቃሰተ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ነው ወይስ ስዊች እንደተጫነበት?» አልኩት።

«ቀጥ ነው የሚለው። እኛ ራሱ ሰው ያጠፋው ይመስለናል» አለ።

ይህ መልስ ትልቅ ነገር ነው። ነዳጅ ያጠረው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው። ይንገጫገጫል፤ ቾኩን ትንሽ ሲዘጉለት ለአፍታ ነፍስ ይዘራል። እሳት የተቋረጠበት ሞተር ግን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ያም ሆኖ በወሬ ብቻ አልፈረድኩም። ክዳኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ነፋሁባት፤ ክፍት ናት። ሞተሩ ሲቆም ክዳኑን ወዲያው ልንከፍተው ተስማማን። በዚያ ቅጽበት «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ከተነሳ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

ሌላው የቫልቭ ነገር ነው። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ሞተሩ ሲሞቅ በደንብ አይዘጋም፤ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ አየሩ መታመቁ፣ ይጠፋል። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ክፍተቱ በቀዝቃዛው ማስገቢያው 0.15፣ ማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለማወቅ ሞተሩ በቆመ ጊዜ ገመዱን ቀስ አድርጎ መሳብ ይበቃል። እጅ ላይ የሚታወቀው ተቃውሞ ካለ ኮምፕረሽኑ አለ።

በሞቀበት መፈተሽ

የውሃ ፓምፕ ያለ ውሃ አይነሳም። ውስጡ ያለው «ሲል» የሚባለው የውሃ ማሸጊያ የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ደረቁን ከሠራ ይቃጠላል። ስለዚህ በርሜል ሞላን። መሳቢያውንም መግፊያውንም ቱቦ እዚያው በርሜል ውስጥ ከተትን። ውሃው ይዞራል፣ ሞተሩም እንደ ወንዝ ዳሩ ጭነት ይሰማዋል። ያለ ጭነት ጥላ ሥር ቢሠራ በቂ ሙቀት ላይደርስ ይችላል፤ ያኔ ብልሽቱ አይታይም፣ እኛም «ደህና ነው» ብለን እንመልሰዋለን።

እየሠራ ሳለ የመፈተሻ ካንዴላ አዘጋጀሁ። አሮጌ ካንዴላ ነው። ጎንበስ ብላ መካከለኛዋን ጫፍ የምትሸፍነውን የጎን ብረት በመጋዝ ቆርጬ ጥያታለሁ። አሁን እሳቱ ከመካከለኛው ጫፍ ተነስቶ እስከ ዙሪያው ብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር መዝለል አለበት። ይህን የማደርገው በምክንያት ነው። ደህና ካንዴላ ላይ ያለው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያንን በአየር ላይ መዝለል ለደካማ ኮይልም ቀላል ነው። ሲሊንደር ውስጥ ግን አየሩ ታምቆ ነው ያለው፤ አየር ሲታመቅ እሳት ለመዝለል ይቸገራል። አዳማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ውጭ ላይ የሚታይ እሳት እዚህ ትንሽ የበለጠ ያታልላል። የተቆረጠው ካንዴላ ያንን ማታለል ያጠፋል።

ሌላም ጥቅም አለው። በሞቀ ሞተር ላይ የተገጠመውን ካንዴላ መፍታት አልወድም። ራስጌው አሉሚኒየም ነው፤ በሙቀቱ ላይ ካንዴላ ሲፈታ ጥርሱ ሊበላ ይችላል። ከቀዳዳው የሚተፋው የቤንዚን ትነትም ከእሳቱ አጠገብ መሆኑ አደጋ ነው። ስለዚህ የተገጠመው ካንዴላ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ቆቡን ብቻ ነቅዬ የመፈተሻውን ካንዴላ እሰካበታለሁ። ብረቱን በላስቲክ እጀታ ፒንሳ ይዤ የሞተሩን ቦዲ አስነካዋለሁ። ከታንከሩም ከካርቡራተሩም ራቅ አድርጌ። በባዶ እጅ መያዝ የለም፤ ከኮይል የሚወጣው ቮልቴጅ ከ10,000 በላይ ነው።

ሞተሩ ልጁ እንዳለው ቀጥ አለ። ክዳኑን ከፈትነው፤ ምንም አልሳበም። ገመዱን ቀስ ብዬ ሳብኩ፤ ኮምፕረሽኑ አለ። የመፈተሻውን ካንዴላ ሰካሁና ልጁን «ሳብ» አልኩት። በባርኔጣዬ ጋርጄ አየሁ። ምንም የለም። ደግሞ ሳበ። ጨለማ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተለየው። ነዳጅ አይደለም፣ ቫልቭ አይደለም። እሳት ጠፍቷል። አዲስ ኮይልና አዲስ ካንዴላ ተገጥሞ እሳት ጠፍቷል።

ሦስት ሽቦ አንድ ቦታ

የዚህ ሞተር እሳት ባትሪ የለውም። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖው፣ ላይ ማግኔት አለ። ቮላኖው ሲዞር ማግኔቱ በኮይሉ እግሮች ሥር ያልፋል። ኮይሉ ውስጥ ወፍራምና አጭር ጥምጥም አለ፤ ማግኔቱ እዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። በትክክለኛዋ ቅጽበት ውስጡ ያለው ትራንዚስተር ያንን ይቆርጠዋል። ድንገት ሲቆረጥ በብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመው ቀጭኑ ሽቦ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይነሳል፤ ካንዴላው ላይ ይዘላል።

ታዲያ እንዴት ነው የሚጠፋው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቤታችን ውስጥ መብራት ስናጠፋ ሽቦው ይቋረጣል። እዚህ ግን ማጥፋት ማለት ማገናኘት ነው። ከኮይሉ አንድ ጥቁር ሽቦ ይወጣል። ስዊቹ ሲጠፋ ያ ሽቦ ከሞተሩ ቦዲ ጋር ይነካል። ያኔ ኮይሉ መሥራት ያቆማል። ስለዚህ ያ ጥቁር ሽቦ በማንኛውም ቦታ፣ በማንኛውም ምክንያት ቦዲ ከነካ ሞተሩ «አጥፉኝ» የተባለ ያህል ይቆማል። ስዊቹ በርቶም ቢሆን። ልጁ «ሰው ያጠፋው ይመስለናል» ያለው ለዚህ ነው፤ ሳያውቀው ትክክለኛውን ምርመራ ነግሮኛል።

በዚህ ፓምፕ ላይ ስዊቹ አጠገብ አንዲት መገናኛ አለች። ሦስት ሽቦ እዚያ ይገናኛል። አንዱ ከኮይሉ ይመጣል። አንዱ ወደ ስዊቹ ይሄዳል። ሦስተኛው ከታች፣ ዘይት ሲጎድል ሞተሩን ከሚያቆመው የዘይት ማስጠንቀቂያ የሚመጣ ነው። ሽፋኑን መፍታት ሳያስፈልግ እጅ ይደርስባታል።

ሞተሩ ገና እንደሞቀ ነው። የኮይሉን ሽቦ ከመገናኛው ነቀልኩ። ምንም ነገር እንዳይነካ በአየር ላይ ተውኩት። «ሳብ።» ጠራ ያለ ሰማያዊ እሳት፣ ድምፁ «ጠቅ ጠቅ» የሚል፣ ተቆርጦ የሰፋውን ክፍተት ያለ ችግር ዘለለው።

ኮይሉ ደህና ነው ማለት ነው። ካንዴላውም፣ ቮላኖውም፣ ማግኔቱም። ጥፋቱ ያለው ከኮይሉ ውጭ፣ በማጥፊያው መስመር ላይ ነው። አንዲት ሽቦ በመንቀል የጉዳዩን ግማሽ ጣልነው። ይህ ሙከራ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ደቂቃም አይፈጅም። ከዚህ በፊት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ኮይል አይገዛም ነበር፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ይህ ሽቦ ተነቅሎ ሞተሩ ከተነሳ በስዊች አይጠፋም። ለማጥፋት ቾኩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ወይም የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግቶ መጠበቅ ነው። ይህን ሳያውቅ የካንዴላውን ቆብ በእጁ ሊነቅል የሚሞክር ሰው ይመታል።

ቀጥሎ ከስዊቹና ከዘይት ማስጠንቀቂያው የትኛው እንደሆነ መለየት ነበር። የኮይሉን ሽቦ መለስኩና የስዊቹን ብቻ ነቀልኩ። እሳት የለም። የስዊቹን መልሼ የዘይቱን ነቀልኩ። እሳቱ መጣ።

«ቆርጠህ ጣለው»

ልጁ ተደሰተ። «እሱን እኮ ሰፈራችን ሁሉም ቆርጦ ነው የሚሠራው። ቆርጠህ ጣለውና እንሂድ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ብዙ ቦታ ይቆረጣል። ሞተሩም ይነሳል። ግን ያ ሽቦ ለምን እንደተቀመጠ ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ሞተር ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ነው። የዘይት ፓምፕ የለውም። ከውስጥ በየዙሩ ዘይቱን እየገጨች የምትረጭ ትንሽ ማንኪያ መሳይ ብረት ናት የምታለሰልሰው። ዘይቱ ሲያንስ ማንኪያዋ አትደርስበትም። ያኔ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይነክሳል፤ ሞተሩ ዳግመኛ አይነሳም። ማስጠንቀቂያው ውስጡ ተንሳፋፊ አለ። ዘይቱ ሲወርድ ተንሳፋፊውም ይወርድና ያን ሽቦ ቦዲ ያስነካዋል። ሞተሩን የሚያቆመው ሊያድነው ብሎ ነው።

ወንዝ ዳር ደግሞ መሬቱ ተዳፋት ነው። ፓምፑ ለስላሳ አፈር ላይ እየተንቀጠቀጠ በአንድ ጎኑ ይሰምጣል። ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ተንሳፋፊው ያለበት በኩል ይጎድላል። አንዳንዴ ሞተሩ የሚቆመው በዚህ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱም ሥሩን በጣውላ ማስተካከል ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሲናገር መጀመሪያ መደመጥ አለበት።

ለባለቤቱ ይህን ስነግራቸው ልጁን ዞር ብለው አዩት። «ተወው፣ ይጨርስ» አሉት።

ፓምፑን ሲሚንቶው ላይ አስተካክለን አቆምነው። የዘይት መለኪያዋን አውጥቼ ጠረግኩ። ተመልሳ ስትገባ ሳትጠመዘዝ ነው የምትለካው፤ ጠምዝዞ የሚለካ ሰው የሌለውን ዘይት ያነባል። ዘይቱ ሙሉ ነው፤ እስከ አፉ ድረስ ነው። ቀለሙ ጠቁሯል እንጂ አልጎደለም። ከበርሜሉ አጠገብ ሲሠራም መሬቱ ሜዳ ነበር። እንግዲህ ተንሳፋፊው የሚወርድበት ምክንያት የለም።

መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጠው ላይ አደረግኩት። አንዱን ጫፍ በተነቀለው የዘይት ሽቦ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ቦዲ ላይ። ጮኸ። ሽቦው በእርግጥ ቦዲ ነክቷል። አሁን ጥያቄው ነኪው ተንሳፋፊው ነው ወይስ ሽቦው ራሱ የሚል ነበር።

ሽቦው ወደ ሽፋኑ ሥር በሚገባበት ቦታ ይዤ በቀስታ አወዛወዝኩት። ጩኸቱ ተቆረጠ። ለቀቅኩት፤ ጮኸ። ሳብ አደረግኩት፤ ዝም አለ። ተንሳፋፊ ዘይት ውስጥ ነው ያለው፤ ላይ ሽቦ ስለተወዛወዘ ሐሳቡን አይቀይርም። ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ተውነው። መልቲሜትሩን እንደገና ብናስነካው ዝም ነው። ሽቦውን ብናወዛውዝም ዝም። ጠዋት ጠዋት ለምን እንደሚነሳ፣ በየጋራዡ ለምን «እሳት አለው» እንደተባለ የገባን ያኔ ነው።

ከሽፋኑ ሥር

የማራገቢያውን ሽፋን ፈታነው። የዘይት ማስጠንቀቂያው ሽቦ ከሞተሩ ግርጌ ወጥቶ በሽፋኑና በሲሊንደሩ መካከል ወደ ላይ ይወጣል። ቦታው ላይ የምትይዘው ትንሽ ክሊፕ አለች። ክሊፗ ተከፍታለች። ሽቦው ከእሷ ሾልኮ ወጥቶ ሲሊንደሩን የሚያቀዘቅዙት ክንፎች ላይ ተደግፏል።

ከሩቅ ሲታይ ጤነኛ ነው። በጣት ሲዳሰስ ግን ክንፉ ላይ ያረፈበት ቦታ ጠፍጠፍ ብሏል። ጥቁሩ ልባስ እዚያ ላይ ያብለጨልጫል፣ ሳስቷል። መብራት አስጠግተን ገልበጥ ስናደርገው ከ1 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ የመዳብ ነጥብ ታየች። ክንፉ ጠርዝ ላይ ደግሞ ልክ በዚያው ትይዩ ትንሽ የተወለወለ ምልክት አለ። ባለቤቱ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህቺ ናት?» አሉ።

ናት። ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው 70 ወይም 105 ዲግሪ እንዲችል ተደርጎ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የሲሊንደር ክንፍ ጭነት ላይ ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። ልባሱ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ያህል ጊዜ እየዞረ ይንቀጠቀጣል፤ ሽፋኑም ሽቦውን ከጀርባው ይጫነዋል። የለሰለሰው ልባስ ወደ ጎን ይሸሻል፤ መዳቡ ብረቱን ያገኛል፤ እሳቱ ይጠፋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ልባሱ ይጠነክራል፤ ሽቦውም ወደ ቅርጹ ይመለስና ከብረቱ በፀጉር ያህል ይርቃል። ይነሳል። ኮይል እየሞቀ ሲሞት የሚያሳየውን ምልክት አንድ በአንድ ያሳያል። ባለሙያው ኮይል ነው ማለቱ የማይፈረድበት ለዚህ ነው፤ የጎደለው ሽቦውን ነቅሎ ማየት ብቻ ነበር።

ጥገናው

የተጎዳውን ቁራጭ አውጥተን ሽቦውን በሊድ በየድን። ላዩ ላይ ሙቀት የሚችል የፋይበር ግላስ ሽፋን አለበስነው። ናስትሮ እዚህ ቦታ ላይ አይሆንም። ሙጫው በሙቀቱ ይቀልጥና ይተረተራል፤ ከጥቂት ወር በኋላ ያው ችግር ይመለሳል። ክሊፗን ቀይረን ሽቦውን ከክንፎቹ አርቀን በድሮ መንገዱ መለስነው።

ሽፋኑ ከተፈታ ዘንድ የኮይሉንም ርቀት አየሁ። በኮይሉ እግሮችና በቮላኖው መካከል 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ከ0.2 እስከ 0.6 ይፈቀዳል። አዲሱ ኮይል በአንድ ጎኑ በጣም ተጠግቶ ነው የተገጠመው። እንዲያ ሲሆን ቮላኖው እግሩን ሊገጭ ይችላል። ብሎኖቹን አላልቼ ውፍረቱ የሚመጥን ካርድ በመካከል ከተትኩ፤ ማግኔቱ ራሱ ኮይሉን ስቦ ካርዱ ላይ አስጠጋው፤ ያኔ ብሎኖቹን አጥብቄ ቮላኖውን በማዞር ካርዱን አወጣሁ። የቮላኖው ማግኔት ላይ የነበረውን ዝገትም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አነሳን። የካንዴላው ክፍተት ጠቦ ስለነበር ወደ 0.7 አመጣሁት። ዘይቱ ጠቁሮ ስለነበር በሙቀቱ ቀየርነው።

አሮጌው ኮይል ልጁ ፌስታል ውስጥ ይዞት ነበር። ቆቡን አውልቄ የከፍተኛ ቮልቴጁን ጥምጥም ለካሁት። ቆቡ የሚወልቀው ውስጡ የራሱ ተቃውሞ ስላለው ቁጥሩን ስለሚያዛባ ነው። በቀዝቃዛው ጥቂት ሺህ ኦም አነበበ። በፀጉር ማድረቂያ እጅ እስኪያቃጥል አሙቄ መልሼ ለካሁት፤ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ከማለት በቀር አልተቋረጠም። በዚህ ብቻ አልተማመንኩም፤ ኦም መለካት ትራንዚስተሩን አይፈትሽም። ስለዚህ ለትንሽ ጊዜ ሞተሩ ላይ ገጠምኩትና በተቆረጠው ካንዴላ አየሁት። እሳቱ እንደ አዲሱ ነው። ለባለቤቱ «ይህ መለዋወጫ ነው፣ እንዳይጣል» ብዬ መለስኩላቸው።

በርሜሉ ላይ ፓምፑ ከለመደው ሰዓት አልፎ ሠራ። እውነተኛው ፈተና ግን ወንዝ ዳር ነው፤ ፀሐይ አለ፣ ከፍታ አለ፣ ረጅም ቱቦ አለ። ታንከሩ 3.1 ሊትር ይይዛል። ይህ ዓይነት ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ በሰዓት 1.4 ሊትር ገደማ ስለሚጠጣ አንድ ታንከር ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ልጁን «ሞልተህ አስነሳው፤ እስኪደርቅ አትንካው፤ ከቆመ ሰዓቱን ንገረኝ» አልኩት። ማታ ደወለ። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሠርቷል። ሲያልቅም ቀጥ አላለም፤ ተንገጫግጮ፣ ከፍ ዝቅ ብሎ ነው የቆመው። ልዩነቱን ራሱ ለይቶ ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ የእሳቸው ጎረቤት ቲማቲም አልሚ ፓምፑን ይዞ መጣ። ቅሬታው ቃል በቃል አንድ ነው፤ ይሠራል፣ ይቆማል፣ አርፎ ይነሳል። ያን ጊዜም በርሜል ሞልተን እስኪቆም ጠበቅን። የኮይሉን ሽቦ ከመገናኛው ነቅለን ሳብን። እሳት የለም። ሽቦው ተነቅሎም እሳት ከሌለ ጥፋቱ በማጥፊያው መስመር ላይ አይደለም። የከፍተኛ ቮልቴጁን ጥምጥም በሙቀቱ ለካነው፤ መልቲሜትሩ ምንም አላነበበም፣ ውስጡ ተቋርጧል። ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ ተመለሰ። የእሱ በእውነት ኮይል ነበር፤ አዲስ ገዝቶ ገጠምንለት።